ሀገርን ከሀገር እንዴት እናወዳድር? ቴክኖሎጂንና የሰውን ኑሮ ጎን ለጎን የማንበብ ዘዴ

ከሁሉ አስቀድመው ጥያቄዎን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ኮምፒውተር ሳይከፍቱ፣ የማንንም ሰንጠረዥ ሳያዩ። «የትኛው ሀገር በቴክኖሎጂ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አይገኝለትም፤ ማን፣ በምን፣ ከመቼ እስከ መቼ የሚሉትን አልያዘምና። «ሞባይል ስልክ በስፋት ከገባ በኋላ በእነዚህ ሦስት ሀገሮች የሕፃናት ሞት የቀነሰው ከዚያ በፊት ከነበረው በፈጠነ መጠን ነው ወይ?» የሚለው ግን ይመረመራል። ስልኩ አለ፣ ሕፃኑ አለ፣ ዘመኑ አለ። ሥራዬ የሀገሮችን ቁጥር እየፈተሹ ለተማሪዎችና ለጋዜጠኞች ማዘጋጀት ነው፤ ለእርማት የሚመጡልኝ ረቂቆች በአብዛኛው መረጃ ሞልቷቸው ጥያቄ የጎደላቸው ናቸው።

እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ዓለም አቀፎቹ የመረጃ ቋቶች የሚሠሩት በእርሱ ነውና ሰንጠረዥዎንም በእርሱ ቢያዘጋጁ ይቀልዎታል።

መድረስ፣ መያዝ፣ መጠቀም

ቴክኖሎጂን ሲለኩ ሦስት ነገሮችን ለያይተው ይያዙ። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ሀገሪቱ ውስጥ ገብቷል ወይ? ስንት ሰው በእጁ አድርጎታል? በእጁ ካደረገው መካከልስ ስንቱ፣ ምን ያህል ይሠራበታል? ጋዜጣ ላይ የምናነበው ንጽጽር አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ሁለተኛው ላይ ነው። የሀገሮች ልዩነት በጉልህ የሚታየው ግን በሦስተኛው ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። ዲየጎ ኮሚንና ባርት ሆቢን የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ከ1800 ወዲህ ከ100 በላይ ቴክኖሎጂዎች ከ150 በላይ በሆኑ ሀገሮች እንዴት እንደተሰራጩ የሚያሳይ ሰፊ የመረጃ ስብስብ አዘጋጅተዋል። ኮሚን ከማርቲ ሜስቲየሪ ጋር ሆኖ ያንን መረጃ ሲመረምር የተገኘው ውጤት ሁለት ፊት አለው። አዲስ ቴክኖሎጂ ድሃ ሀገር እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ከትውልድ ትውልድ እያጠረ መጥቷል። ከደረሰ በኋላ ግን በአጠቃቀሙ ስፋት በሀብታምና በድሃ ሀገሮች መካከል ያለው ርቀት ሰፍቷል። እንግዲህ «ገብቷል» የሚለውን ብቻ የሚቆጥር ሰው ዓለም እየተቀራረበች ነው ይላል፤ አጠቃቀሙን የሚቆጥረው ደግሞ እየተራራቀች ነው ይላል፤ ሁለቱም ትክክለኛ ቁጥር ይዘዋል።

በየዕለቱ የምናገኛቸውን ቁጥሮች በዚህ ዓይን እንያቸው። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት «ከ100 ሰዎች የሞባይል ደንበኝነት» የሚል ቁጥር ያወጣል። የሚቆጠረው መስመር ነው፤ ሰው አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ከ150 በላይ የምታስመዘግበው አንድ ሰው ሁለትና ሦስት ሲም ካርድ ስለሚይዝ ነው፤ በዚያው ሀገር ግን አንድም መስመር የሌለው ሰው አለ። ይህን ቁጥር «የሕዝቡ ሁሉ እጅ ስልክ ገብቷል» ብሎ የሚተረጉም ጽሑፍ ካጋጠመዎት ሌላውንም ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡት።

የኢንተርኔት ተጠቃሚ ማለትስ? በኅብረቱ ትርጉም ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ ከየትኛውም ቦታ ኢንተርኔት የተጠቀመ ሰው ነው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ በዘመድ ስልክ መልእክት ያየች ሴትና ቀኑን ሙሉ በመስመር ላይ የምትሠራ ሴት እኩል ይቆጠራሉ። ይህ ትርጉም ስህተት የለበትም፤ ለዓለም ሁሉ የሚሠራ መለኪያ ከዚህ ብዙ ሊጠብቅ አይችልም። እርስዎ ግን ከጎኑ ሌሎች ዓምዶችን ይጨምሩ። አንዱ ዋጋ ነው፦ የብሮድባንድ ኮሚሽን ያስቀመጠው ግብ ዝቅተኛው የብሮድባንድ (የፈጣን ኢንተርኔት) ጥቅል ከአንድ ሰው አማካይ ወርኃዊ ገቢ ከ2 በመቶ በታች እንዲሆን ነው። ሌላው የሴቶችና የወንዶች አጠቃቀም ለየብቻ የተቀመጠበት መረጃ ነው። ሁለቱን ያላየ ሰው ስለ ኢንተርኔት መስፋፋት ባይናገር እመርጣለሁ።

ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በ2022 ኤሌክትሪክ ያልደረሰው ሕዝብ 685 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ «ደርሶታል» በሚባለው ውስጥ ግን የሰማይና የምድር ያህል ልዩነት አለ። የዓለም ባንክ አቅርቦቱን ከዜሮ እስከ አምስት በሚደርሱ እርከኖች የሚለይበት ዘዴ አለው፤ አንደኛው እርከን በቀን ቢያንስ አራት ሰዓት፣ አምስተኛው ቢያንስ ሃያ ሦስት ሰዓት ይጠይቃል። በአራት ሰዓት መብራት አምፖል ይበራል፣ ስልክ ይሞላል። የክትባት ማቀዝቀዣ ግን አይሠራም።

የገንዘብ ቴክኖሎጂን ከመረጡ የሕንድን ታሪክ ሳያነቡ አይለፉ። የሕንድ መንግሥት በ2014 ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የባንክ ሒሳብ የማስከፈት ዘመቻ ጀመረ። በዓለም ባንክ የናሙና ጥናት መሠረት በ2011 ሒሳብ የነበረው አዋቂ 35 በመቶ ሲሆን በ2017 ወደ 80 በመቶ ዘለለ። ያው ጥናት ሒሳብ ካላቸው መካከል ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረው ባለፈው አንድ ዓመት ገንዘብ አስገብቶም አውጥቶም እንደማያውቅ ይነግረናል። 80 በመቶውን ብቻ የወሰደ ጸሐፊ ተአምር ይጽፋል፤ ያልተንቀሳቀሰውን ሒሳብ ብቻ የወሰደ ውድቀት ይጽፋል። ሁለቱን አንድ መስመር ላይ ያስቀመጠ ሰው ሀገሪቱን ማየት ይጀምራል።

ቴክኖሎጂ ሲባል ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት ብቻ አይምሰልዎት። የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም በ2001 ሰባ ሁለት ሀገሮችን በቴክኖሎጂ ጠቋሚ ሲመዝን ኢንተርኔትን ብቻ አልቆጠረም፤ አሮጌዎቹን ስልክና ኤሌክትሪክ፣ የሕዝቡንም የትምህርት ደረጃ አካትቷል። ፊንላንድ አንደኛ ወጣች። ያ ጠቋሚ ዛሬ በሥራ ላይ ባይሆንም አሠራሩን እወደዋለሁ፤ አዲሱ ነገር የሚቆመው በአሮጌው ላይ መሆኑን አልረሳምና። ክትባት፣ የውሃ ጉድጓድ፣ በጨውና በስኳር የሚዘጋጀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ እነዚህ ሁሉ ቴክኖሎጂ ናቸው።

በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥቂት ልቆይ፤ አጠቃቀምን መለካት ምን ማለት እንደሆነ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ምሳሌ አላገኘሁም። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ሴት አስተማሪዎችን ቤት ለቤት እየላከ ከ12 ሚሊዮን በላይ ቤተሰቦችን ለተቅማጥ የሚሆነውን መጠጥ እንዴት እንደሚያዘጋጁ አስተማረ። የሦስት ጣት ቁንጥጫ ጨው፣ አንድ እፍኝ ያልተጣራ ስኳር፣ ግማሽ ሊትር ገደማ ውሃ። ድርጅቱ አስተማሪዋ ስንት ቤት እንዳንኳኳች ቆጥሮ አልከፈላትም። ተቆጣጣሪ ቆይቶ ይመጣና ከጎበኘቻቸው ቤቶች ጥቂቱን በናሙና መርጦ እናቶቹን ይጠይቃል፦ መልእክቶቹን ያስታውሳሉ? አዘጋጂ ሲባሉ በትክክል ያዘጋጃሉ? ክፍያው የሚወሰነው በመልሳቸው ነበር። ይህ እንግዲህ የቴክኖሎጂ ሥርጭት በእናቲቱ እጅ ላይ ሲለካ ነው። አንድ አመላካች ሲመርጡ «ይህ ቁጥር የአስተማሪዋን ጉብኝት ነው ወይስ የእናቲቱን እጅ የሚለካው?» ብለው ይጠይቁ። የእናቲቱን እጅ የሚለካ ካልተገኘ የጉብኝቱን ይውሰዱ፤ ግን ምን እንደወሰዱ ሰንጠረዡ ሥር ይጻፉ።

ከዚያችው ሀገር ተቃራኒ ታሪክም አለ። ሕዝቡን ከተበከለ የወንዝና የኩሬ ውሃ ለማዳን በ1970ዎቹና በ80ዎቹ በርካታ የቱቦ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ በሥርጭት መለኪያ ታላቅ ስኬት ነበር። በ1993 ከእነዚህ ጉድጓዶች ውሃ አርሴኒክ የተባለው መርዝ ተገኘ፤ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት ሲጠጡት ኖረዋል። ስለዚህ የቴክኖሎጂን መስፋፋት በራሱ እንደ መልካም ውጤት አይቁጠሩት። በአንዱ ዓምድ መስፋፋቱን፣ በሌላው የሰውን ሁኔታ ያስቀምጡ፤ አንዱን በሌላው ውስጥ አይቀላቅሉ።

የሰው ኑሮ በምን ይለካ?

ለመሠረታዊ ኑሮ ከሦስት ወይም ከአራት አመላካች በላይ አይውሰዱ። እኔ ሁልጊዜ የምጀምረው ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ሞት ነው። አንድ ሕፃን አምስተኛ ዓመቱን እንዲደፍን የእናቱ ጤና፣ ምግቡ፣ ውሃው፣ ክትባቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ፣ የእናቱ ትምህርት ሁሉ መገናኘት አለባቸው፤ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል ቁጥሩ ይናገራል። በዓለም ደረጃ በ1990 በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 93ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2022 ይህ ወደ 37 ወርዷል። ዩኒሴፍና የዓለም ጤና ድርጅትን ያቀፈው የተባበሩት መንግሥታት ቡድን የሚያወጣው ግምት ለሀገሮች ሁሉ በአንድ ዘዴ የሚሠራ ስለሆነ ለንጽጽር ይመቻል። ግምት መሆኑን ግን አይርሱ፤ ከዋናው ቁጥር ጎን የተጻፉትን ታችኛና ላይኛ ወሰኖች ይዩ። የሁለት ሀገሮች ወሰኖች ከተደራረቡ «ይህቺ ከዚያች ትሻላለች» ማለት አይቻልም።

ጥሬውን የሞት መጠን፣ ማለትም በዓመት ከ1,000 ሰዎች ስንት ይሞታል የሚለውን፣ ለዚህ ሥራ አይጠቀሙበት። ጃፓን በዚህ ቁጥር ከብዙ ድሃ ሀገሮች የባሰች ትመስላለች፤ ምክንያቱ ሕዝቧ ያረጀ መሆኑ ብቻ ነው። የሕዝብን የዕድሜ አወቃቀር የሚያስተካክለው አማካይ የዕድሜ ጣሪያ ነው።

ውሃ ሲመርጡ የትኛውን ደረጃ እንደያዙ ይወቁ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ የሚያወጡት ዘገባ ውሃን በመሰላል ይደረድራል። «መሠረታዊ» የሚባለው ከተጠበቀ ምንጭ የሚቀዳ ሆኖ ወረፋን ጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ የማይበልጥ ነው። «ደኅንነቱ በተጠበቀ መንገድ የቀረበ» የሚባለው ደግሞ ግቢ ውስጥ ያለ፣ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝና ከብክለት ነፃ የሆነ ነው። ለ2022 በአንደኛው መለኪያ ውሃ ያጣው የዓለም ሕዝብ 703 ሚሊዮን ነው፤ በሁለተኛው 2.2 ቢሊዮን። ዓመቱ አንድ፣ ዘገባውም አንድ ነው። አንዱን ሀገር በአንደኛው፣ ሌላውን በሁለተኛው የለካ ሰው ምን ዓይነት ፍርድ እንደሚሰጥ ማሰብ አያዳግትም።

ትምህርትን በአጭሩ ልለፈው። የተመዘገበውን ተማሪ ብዛት ብቻ አይውሰዱ፤ የዓለም ባንክ በ2018 ያወጣው የሰው ካፒታል ጠቋሚ የትምህርት ዓመታትን በተማሪዎች የፈተና ውጤት ስለሚያስተካክል እርሱን ከጎኑ ያኑሩ።

ብዙ ሰው «ሁሉን ያጠቃለለ አንድ ቁጥር አለ አይደል?» ይለኛል። አለ፤ የሰብዓዊ ልማት ጠቋሚ። ማህቡብ ኡል ሐቅ የተባለው ፓኪስታናዊ ኢኮኖሚስት በሕንዳዊው ኢኮኖሚስት በአማርትያ ሴን እገዛ በ1990 ሥራ ላይ ያዋለው ይህ መለኪያ ሀገሮችን በገቢ ብቻ መመዘን እንዲቀር የተደረገ ትልቅ ትግል ውጤት ነውና አከብረዋለሁ። የሚሠራውም በግልጽ ስሌት ነው። ለምሳሌ የዕድሜው ክፍል ዝቅተኛውን 20፣ ከፍተኛውን 85 ዓመት አድርጎ ይነሣል፤ አማካይ የዕድሜ ጣሪያዋ 65 የሆነ ሀገር 45ን ለ65 አካፍላ 0.692 ታገኛለች። ትምህርትና ገቢም በየራሳቸው ወሰን እንዲሁ ይሰላሉ። እስከ 2010 ድረስ ሦስቱ ተደምረው ለሦስት ይካፈሉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሦስቱ ተባዝተው የብዜቱ ኩብ ሥር ይወሰዳል። ለውጡ ቀላል አይደለም። በሁለቱ 0.9፣ በሦስተኛው 0.3 ያላት ሀገር በድሮው ስሌት 0.70 ታገኝ ነበር፤ በአዲሱ 0.62 ገደማ ብቻ ታገኛለች። በአንዱ የበረታች ሀገር የሌላውን ጉድለት በቀላሉ መሸፈን አልቻለችም። ይህን ለውጥ ሳያዩ የ2005ን ዘገባ ከ2015 ዘገባ ጋር ማስተያየት ሁለት የተለያዩ ሚዛኖችን እንደ አንድ መቁጠር ነው።

ለእኛ ሥራ ግን ይህ ጠቋሚ አንድ እንቅፋት አለው፦ ገቢ በውስጡ አለ። ኢንተርኔት በገንዘብ ይገዛል። የኢንተርኔትን ሥርጭት ከሰብዓዊ ልማት ጠቋሚ ጋር ያስተያዩ እንደሆነ ገንዘብ በሁለቱም ወገን ተቀምጦ ይጠብቅዎታል፤ የሚያዩት ዝምድና ከፊሉ ገንዘብ ከገንዘብ ጋር ያለው ዝምድና ነው። ስለዚህ ጠቋሚውን ሳይሆን ክፍሎቹን፣ ዕድሜንና ትምህርትን፣ ለየብቻ አውጥተው ይጠቀሙ። ድህነትን በቤተሰብ ደረጃ ማየት ለሚፈልግ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የሚወጣው ባለ ብዙ ገጽታ የድህነት ጠቋሚ የተሻለ ነው፤ አሥር አመላካቾች አሉት፣ አንድ ቤተሰብ ድሃ የሚባለውም በክብደታቸው ከተመዘኑት አመላካቾች አንድ ሦስተኛው ወይም ከዚያ በላይ ሲጎድለው ነው። ጥቅሙ ጉድለቶቹ በአንድ ቤት ላይ ሲደራረቡ ማሳየቱ ነው።

ማንን ከማን?

ሲንጋፖርን ከናይጄሪያ ጋር ማወዳደር ምንም አያስተምርም። አንዷ ከተማ ናት፤ ሌላዋ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በሰፊ መሬት ላይ ይዛለች። ጥሩ ንጽጽር በብዙ ነገር የሚመሳሰሉና በሚጠኑበት ነገር የሚለያዩ ሀገሮችን ይመርጣል። እኔ ስልጠና ስሰጥ ባንግላዴሽንና ፓኪስታንን የማነሣው ለዚህ ነው። እስከ 1971 አንድ መንግሥት ነበሩ። በ1990 በሁለቱም ሀገሮች ከ1,000 ሕፃናት 140 ያህሉ ከአምስት ዓመት በፊት ይሞቱ ነበር፤ ባንግላዴሽ እንዲያውም ጥቂት ትብስ ነበር። በ2022 በባንግላዴሽ ወደ 30 ገደማ ወረደ፤ በፓኪስታን 60 ገደማ ላይ ነበር። መነሻው አንድ ሆኖ መድረሻው እጥፍ የተለያየበት ጥንድ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ሲገኝ ግን ከመቶ ሀገሮች የደረጃ ዝርዝር የበለጠ ይናገራል።

ሀገሮቹን ከመረጡ በኋላ አካፋዩን ይፈትሹ። «ከ100 ሰዎች» የሚል ቁጥር ሁሉ በሕዝብ ብዛት የተካፈለ ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ከየት መጣ? ሊባኖስ ለመጨረሻ ጊዜ ሕዝብ የቆጠረችው በ1932 ነው። ኮንጎ ዴሞክራቲክ ሪፐብሊክ በ1984። ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ ግምት ነው፤ በጥንቃቄ የተሠራ ቢሆንም ግምት ነው። ከገቢ ጋር የተያያዘ ቁጥር ከሆነ ደግሞ የስሌቱ መነሻ ዓመት መቀየሩን ያጣሩ። ናይጄሪያ በሚያዝያ 2014 የኢኮኖሚ ስሌቷን መነሻ ከ1990 ወደ 2010 ስታሻሽል ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርቷ 89 በመቶ ጨምሮ ተገኘ፤ በአንድ ጀምበር ደቡብ አፍሪካን ቀድማ የአህጉሩ ትልቁ ኢኮኖሚ ሆነች። የማንም ናይጄሪያዊ ኑሮ በዚያች ሌሊት አልተቀየረም። ግራፍዎ ላይ ድንገተኛ ዝላይ ካዩ መጀመሪያ የሚመረመረው የአሠራር ለውጥ ነው።

ሰንጠረዡና የዘመን ቅደም ተከተል

አሁን ኤክሴል ይክፈቱ። በእያንዳንዱ መስመር አንድ ሀገርና አንድ ዓመት፣ በእያንዳንዱ ዓምድ አንድ አመላካች። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን ሁለት ተጨማሪ ዓምዶች ያስፈልጋሉ፦ መረጃው የተሰበሰበበት ትክክለኛ ዓመትና የአሰባሰቡ መንገድ፤ ቆጠራ፣ የናሙና ጥናት፣ የድርጅት መዝገብ ወይስ የስሌት ግምት። ይህን የማይሞላ ሰው ሰንጠረዡ ቶሎ ያልቅለታል፤ በኋላ ግን ጥያቄ ሲመጣ መልስ የለውም። ባዶ ቦታ ሲኖር ባዶውን ይተዉት። ዜሮ አይጻፉ፤ የጎረቤት ሀገርንም ቁጥር አይሙሉበት።

ከዚያ እያንዳንዱን ሀገር በዘመን ቅደም ተከተል ይሳሉት፤ ለሁለቱ አመላካቾች ሁለት መስመር። የማየው መጀመሪያ አንድ ነገር ነው፦ የሰው ኑሮ መሻሻል የጀመረው ቴክኖሎጂው ከመምጣቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ወደ ባንግላዴሽ እንመለስ። በ1990 ከ140 በላይ የነበረው የሕፃናት ሞት በ2000 ወደ 86 ገደማ ወርዶ ነበር። በዚያው በ2000 የሞባይል ደንበኝነት ከ100 ሰዎች አንድ እንኳን አይደርስም። እንግዲህ የመጀመሪያውን ትልቅ መሻሻል ሞባይል አላመጣውም፤ ሊያመጣውም አይችልም ነበር። ምክንያቱን ለመፈለግ ወደ ክትባት፣ ወደ ቤት ለቤት ጤና ሠራተኞች፣ ወደ ልጃገረዶች ትምህርትና ወደዚያ የጨውና የስኳር መጠጥ መሄድ አለብን። የ2020ዎቹን ቁጥር ብቻ የያዘ ተመራማሪ ብዙ ስልክና ጥቂት የሕፃናት ሞት ጎን ለጎን ያያል፤ ከዚያ ወደ ተሳሳተ ድምዳሜ ለመድረስ አንድ እርምጃ ብቻ ይቀረዋል።

ተዛምዶ ሲገኝ

ተዛምዶ መገኘቱ አይቀርም። ሀብታም ሀገሮች ሁሉም ነገር ስላላቸው ማናቸውም ሁለት መልካም ነገሮች አብረው ሲወጡና ሲወርዱ ይታያሉ። ገቢ የቱን ያህል ይመራል የሚለውን የሕዝብ ጥናት ባለሙያው ሳሙኤል ፕሬስተን በ1975 በጥንቃቄ መርምሮታል። ከ1930ዎቹ እስከ 1960ዎቹ በዓለም አማካይ ዕድሜ ላይ ከታየው ጭማሪ ከ75 እስከ 90 በመቶ የሚሆነው ከሀገሮች የገቢ ዕድገት ውጪ ባሉ ምክንያቶች የመጣ ሳይሆን አይቀርም ሲል ደምድሟል። ተመሳሳይ ገቢ ያለው ሰው በ1960ዎቹ በ1930ዎቹ ከነበረው ረዘም ያለ ዕድሜ ኖረ፤ የበሽታ መከላከያ ዕውቀትና ዘዴ በመስፋፋቱ። ስለዚህ በእርስዎም ግራፍ ገቢን በአንድ ወገን፣ ዕድሜን በሌላው አድርገው የሁለት የተለያዩ ዓመቶችን ነጥቦች በሁለት ቀለም ይሳሉ። የገቢውን መስመር በሎጋሪዝም ሚዛን፣ ማለትም እኩል ርቀት እኩል የእጥፍ ጭማሪ በሚያሳይበት ሚዛን፣ ያድርጉት፤ ከ1,000 ወደ 2,000 ዶላር የሚደረግ ጉዞና ከ30,000 ወደ 31,000 የሚደረገው ለሰው ኑሮ እኩል ትርጉም የላቸውም።

ከሀገሮች አማካይ ወደ ግለሰቦች መዝለልም አደገኛ ነው። ዊልያም ሮቢንሰን በ1950 ያሳተመው ጥናት ይህን በማያሻማ መንገድ አሳይቷል። በ1930 የአሜሪካ ቆጠራ የውጭ ተወላጆች በብዛት የሚኖሩባቸው ግዛቶች ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው የሚያንስባቸው ነበሩ። በግለሰብ ደረጃ ሲታይ ግን ማንበብ የማይችለው ይበልጥ የውጭ ተወላጁ ነበር። ስደተኞቹ የሰፈሩት ቀድሞውኑ በተማሩት ግዛቶች ስለነበር ነው። «ኢንተርኔት የበዛባቸው ሀገሮች ሕፃናት ጤነኞች ናቸው» ከሚለው «ኢንተርኔት ያለው ቤት ሕፃኑ ጤነኛ ነው» የሚለው አይወጣም።

ታዲያ ምክንያትን እንዴት እናግኝ? ሀገሮችን በማወዳደር ብቻ በጭራሽ አይገኝም ባይባልም እጅግ ይከብዳል። በአንድ ሀገር ውስጥ ቴክኖሎጂው ቀድሞ የደረሰባቸውንና ዘግይቶ የደረሰባቸውን አካባቢዎች ያጠኑ ሥራዎችን ይፈልጉ። ሮበርት ጄንሰን በሕንድ ኬረላ ግዛት የሞባይል ማማዎች ከ1997 እስከ 2001 በየተራ ሲተከሉ የዓሣ አስጋሪዎችን ገበያ ተከታተለ፤ ማማው በደረሰበት ሁሉ ገዢ አጥቶ የሚጣል ዓሣ ጠፋ፣ የአስጋሪዎች ትርፍ በ8 በመቶ ገደማ ጨመረ፣ የሸማቹም ዋጋ በ4 በመቶ ገደማ ቀነሰ። በኬንያ ታቭኒት ሱሪና ዊልያም ጃክ በ2016 ባሳተሙት ጥናት በ2007 የተጀመረው ኤምፔሳ የተባለው በሞባይል ገንዘብ የመላኪያ አገልግሎት 194,000 ቤተሰቦችን፣ ማለትም ከሀገሪቱ ቤተሰቦች 2 በመቶ ያህሉን፣ ከድህነት እንዳወጣ ገምተዋል፤ ለውጡ የጎላው በሴት በሚመሩ ቤተሰቦች ነበር። 2 በመቶ ለአንዳንዱ ትንሽ ይመስላል። ለእኔ ከየትኛውም የደረጃ ሰንጠረዥ የሚበልጥ ቁጥር ነው፤ ከሰው ቤት ገብቶ የተለካ ነውና።

ስለ ደረጃ ዝርዝር

ሀገሮችን ከአንደኛ እስከ መጨረሻ መደርደርን አልመክርም። ሆኖም አለቃዎ ወይም አዘጋጅዎ ከጠየቀዎት ይህን ያድርጉ፦ ለአመላካቾቹ የሰጡትን ክብደት ይለውጡና ደግመው ይደርድሩ። ለኢንተርኔት የሰጡትን ግማሽ ወደ ሩብ ያውርዱት፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሦስተኛ ያውጡት። ቦታዋን ያልለቀቀች ሀገር ካለች ስለ እርሷ መናገር ይችላሉ። ከአሥረኛ ወደ ሃያኛ የምትዋልለው ሀገር ደረጃ የእርስዎ ምርጫ ውጤት ነው እንጂ የእርሷ ሁኔታ አይደለም። የዓለም ባንክ የሀገሮችን የንግድ ሥራ ምቹነት የሚደረድርበትን ዓመታዊ ዘገባ በ2021 ያቋረጠው በ2018 እና በ2020 እትሞች መረጃ ላይ ጉድለት ከተገኘ በኋላ ነው። ደረጃ የመንግሥታት ክብር ሲሆን ቁጥሩ ላይ የሚያርፈው ጫና ቀላል አይሆንም።

ሲጽፉና ሲያስቀምጡ

ውጤቱን ሲጽፉ ዓመቱን፣ መለኪያውንና ሰዎቹን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያገናኙ። «ሀገር ሀ በኢንተርኔት ከሀገር ለ ትቀድማለች» አይበሉ፤ «በ2022 በሀገር ሀ ከ100 ሰዎች 60ዎቹ ባለፉት ሦስት ወራት ኢንተርኔት ተጠቅመዋል፣ በሀገር ለ 40ዎቹ» ይበሉ። «ኋላ ቀር» የሚለውን ቃል ከጽሑፍዎ ያውጡ፤ ቁጥር ካለ ቁጥሩ ይበቃል፤ ከሌለ ደግሞ ቃሉ ስድብ ብቻ ነው። አማካዩ የማን እንደሆነ ይግለጹ፤ ከተማና ገጠር፣ ሴትና ወንድ ለየብቻ ካገኙ አብረው ያቅርቡ።

መረጃውን ያወረዱበትን ቀን በፋይሉ ስም ላይ ይጻፉ፤ ዋናውንም ፋይል ሳይነኩ ያስቀምጡ። ድርጅቶች የቆየውን ቁጥራቸውን ወደ ኋላ ተመልሰው ያርማሉ። የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረቱ በ2024 ዘገባው በዚያ ዓመት ከኢንተርኔት ውጪ ያለው የዓለም ሕዝብ 2.6 ቢሊዮን ነው ብሎ ነበር፤ በ2025 ዘገባው ያንኑ የ2024 ግምት ወደ 2.3 ቢሊዮን አሻሽሎ የ2025ን 2.2 ቢሊዮን አድርጓል። ከድሮው እትም 2.6፣ ከአዲሱ 2.2 የወሰደ ሰው በአንድ ዓመት 400 ሚሊዮን ሰው ኢንተርኔት እንደጀመረ ይጽፋል፤ ከዚያ ውስጥ አብዛኛው የስሌት እርማት ነው። ዓመትን ከዓመት ሲያወዳድሩ ሙሉውን ተከታታይ ቁጥር ከአንድ እትም ብቻ ያውጡ፤ አዲስ እትም ሲወጣም የመጨረሻውን ዓመት ብቻ ከመጨመር ይልቅ ዓምዱን በሙሉ እንደገና ይሙሉ።